ማልታ ለምትሄዱ፦ ሙዚየሙንና ጥንታዊ ቦታዎቹን በደንብ ለማየት ከምን ልጀምር?

ባለፈው እሁድ ፍራንኮ ሰፈር ቡና ተጠርተን የጎረቤታችን ልጅ ማልታ ወንድሟ ጋ ልትሄድ ቪዛ እንደወጣላት ነገረችን። እልል አልን፣ መረቅናት፣ ከዛ ምን ምን ልታዪ አሰብሽ ስላት «ባሕሩን ነዋ» አለችኝ። ባሕሩ ያምራል፣ አልክድም፣ ግን እዛች ደሴት ላይ ከጊዛ ፒራሚዶች በፊት የተሠራ የድንጋይ ቤተ መቅደስ ቆሞ እያለ፣ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ የወጣባት ደሴት ሆና እያለች፣ ባሕር ብቻ አይቶ አዳማ መመለስ እኔን ያንገበግበኛል። አቦሉ ላይ የጀመርኩት ወሬ በረካው ተጠጥቶም አላለቀም፣ እሷም ኧረ ጻፊልኝ አለች፣ እናም ለሷ ብዬ የጀመርኩትን ነው ለሁላችሁም ምለቀው። እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ የአክስቴ ልጅ እዛ አረጋውያን እየተንከባከበች ስለምትኖር ማረፊያ አላሳሰበኝም፣ ስለዚ ስለ ሆቴል ከኔ ብዙ አትጠብቁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው።

ከሁሉም በፊት የሃይፖጂየሙን ቲኬት ያዙ። ሌላውን ሁሉ በር ላይ ደርሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ፣ ይሄን ግን እዛ ስደርስ አገኘዋለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ። ሙሉ ስሙ ሃል ሳፍሊዬኒ ሃይፖጂየም ነው፣ ፓውላ ምትባል ከተማ ውስጥ ከመኖሪያ ቤቶች ስር ያለ፣ ብረት ባልነበረበት ዘመን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ መቃብርና የአምልኮ ቦታ ነው። በአንድ ዙር 10 ሰው ብቻ ነው ሚገባው፣ በቀን ያሉት ዙሮችም ጥቂት ናቸው፣ ስለዚ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በፊት ተሸጦ ያልቃል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይገባም፣ ከልጅ ጋር ምትሄዱ ከሆነ ማን ውጪ እንደሚጠብቅ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

እዚህ ጋ ነው የኛ ሰው ሚቸገረው፣ ምክንያቱም ቪዛው ሳይወጣ ቲኬት መግዛት ያስፈራል፣ ቪዛው እስኪወጣ ከጠበቁ ደሞ ቲኬቱ ያልቃል። ማልታ ሸንገን ውስጥ ናት፣ የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ ቢያንስ ግን 15 ቀን ሲቀረው ገብቶ መገኘት አለበት፣ የጉዞ ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሚሸፍን መሆን አለበት። እኔ ምመክረው በጊዜ አስገብታችሁ ቪዛው በእጃችሁ በገባበት በዛው ቀን ማታ ቁጭ ብላችሁ ሃይፖጂየሙን መፈለግ ነው፣ የምትፈልጉት ቀን ሞልቶ ከሆነ ከጉዟችሁ ውስጥ ያለውን ቀን ሁሉ አንድ በአንድ ክፈቱት፣ የተገኘውን ያዙ፣ ሌላው ፕሮግራማችሁ በሱ ዙሪያ ይደራጅ። ክፍያው ኦንላይን ነው፣ ከባንካችሁ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ካላወጣችሁ ውጪ ያለ ዘመድ ይግዛላችሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ወንድሟ እዛው ስላለ ለሷ ቀላል ነው። ቲኬቱን በኢሜይል አስልኩና ስልካችሁ ላይ ስክሪንሾት አድርጉት፣ ኔትወርክ አትመኑ።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እስካሁን ያንገበግበኛልና። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ለኔና ለአክስቴ ልጅ ሁለት ቲኬት ገዛሁ፣ 10:00 ነው ሚለው። በስልክ «አስር ሰዓት ነው፣ ፓውላ በሩ ላይ እንገናኝ» አልኳት። እሷ እዛ ስድስት ዓመት የኖረች ልጅ ነች፣ ከኔ ጋር በአማርኛ ስታወራ ግን ሰዓቱም በአማርኛ ሆነባት፣ አስር ሰዓት ማለት ለሷ ከሰዓት በኋላ፣ በነሱ 16:00 ሆነ። እኔ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው፣ ሥራ ላይ ነች። ዙሩ ሰው አይጠብቅም፣ ብቻዬን ገባሁ፣ የሷ ቲኬት እንደዛው ቀረ። ለሚመጣባት ሐበሻ ሁሉ ቡጂባና ስሊማ ሱቅ ለሱቅ ስታዞር የኖረች ልጅ አንድ ቀን እንኳን ለራሷ ብላ ሙዚየም ገብታ አታውቅም ነበር፣ ያን ቀን ልትገባ ነበር። ስለዚ እባካችሁ ሰዓት ስትነጋገሩ «ጠዋት አራት ሰዓት፣ በፈረንጅ አስር» ብላችሁ ሁለቱንም በሉ፣ ጽሑፍ ላይም ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑንም እንደዛው፣ ቲኬቱ ላይ ያለው ቀን በኛ ስንት እንደሚውል ጎኑ ላይ ጻፉበት።

ቲኬቱ ከተያዘ ቀሪው ቅደም ተከተል ነው፣ እሱ ላይ ጠንከር ብዬ ነው ምናገረው። ሃይፖጂየሙን ከማየታችሁ በፊት ቫሌታ ዋና ከተማው ውስጥ ሪፐብሊክ መንገድ ላይ ያለውን ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም እዩ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል ወይ ደሞ ሙዚየሙን ጭራሽ ይተወዋል። መሬት ውስጥ ያለው ዋሻ አሁን ባዶ ነው፣ እዛ የተገኘው ዕቃ ሙዚየሙ ውስጥ ነው ያለው፣ ዕቃውን ሳያዩ ዋሻው ውስጥ መግባት ባለቤቱ የሌለበት ቤት እንደመግባት ነው። ሙዚየሙ ትልቅ አይደለም፣ ከሁለት ሰዓት በላይ አይወስድም፣ ከቤተ መቅደሶቹ የመጡ ጥምዝምዝ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ፣ ወፋፍራም የሰው ምስሎች አሉ፣ አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸው የለም።

እሷን ግን ፈልጉ፣ «የተኛችው ሴት» ሚሏትን። ለብቻዋ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ናት ያስቀመጧት። ከሸክላ የተሠራች፣ ርዝመቷ 12 ሴንቲሜትር ገደማ፣ መዳፌ ላይ ትተኛ ነበር ማለት ነው። በጎኗ ጋደም ብላ ክንዷን ተንተርሳ፣ ወገቧ ሰፊ፣ ክንዷ ወፍራም፣ ከስር ያለው አልጋ ክብደቷን ችሎ ጎበጥ ያለ ነው ሚመስለው፣ ቀሚሷ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ይታያል፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ቀይ ቀለም የነበረበት ቦታ አለ። የተገኘችው ከዛው ከሃይፖጂየሙ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከተቀበረበት ነው፣ ስለዚ አጥኚዎቹ ተኝታ ነው ወይስ ሞታ ነው ሚለውን ይከራከሩበታል። እኛስ ሰው ሲሞት አንቀላፋ አይደል ምንለው? እኔ ሳያት መጀመሪያ የመጣልኝ ያ ቃል ነው፣ አምስት ሺህ ዓመት ገደማ የሆናት ሸክላ ፊት ቆሜ በራሴ ቋንቋ የገባችኝ መሰለኝ።

እሷን አይታችሁ በማግስቱ ወይ በሦስተኛው ቀን ፓውላ ሂዱ። ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ በሩ የተራ ቤት በር ስለሚመስል ማለፍ ቀላል ነው። ስልክም ካሜራም ቦርሳም መቆለፊያ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ፎቶ ማንሳት ፈጽሞ የለም። ቦታው የተገኘው በ1902 ነው፣ ሰዎች ለአዳዲስ ቤቶች የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ጣሪያውን በሱት። ሦስት ደረጃ አለው፣ ወደ ታች ከ10 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 እስከ 2500 ገደማ ድረስ ሲፈለፈልና ሲቀበርበት የኖረ ነው፣ ወደ 7,000 ሰው አፅም እንደነበረበት ይገመታል። ላሊበላን ያየ ሰው እዛ ሲገባ ሌላው ጎብኚ ማያየውን ያያል። ላሊበላ ላይ ጠራቢዎቹ የአክሱም ዘመን የእንጨት ሥራ ያለበትን መስኮትና ግድግዳ በአለት ላይ አስመስለው እንደቀረጹት ሁሉ፣ እዚህም መሬት ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ መቃንና ጉበን መሬት ውስጥ ከአንድ አለት አስመስለው ፈልፍለውታል። ምንም ያልተገጠመ፣ ምንም ያልተለጠፈ ድንጋይ ነው፣ ግን ዐይን የተገጣጠመ ነው ይላችኋል።

መብራቱ እናንተ ባላችሁበት ብቻ ነው ሚበራው፣ ስታልፉ ከኋላችሁ ይጠፋል። ጣሪያው ላይ በቀይ አፈር የተሳለ ጥምዝምዝ ሐረግ አለ፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ደሞ ግድግዳው ላይ የተቦረቦረ ቀዳዳ አለ፣ እዛ ውስጥ ወንድ በወፍራም ድምፅ ሲናገር ክፍሉ ሁሉ ያስተጋባል ይባላል። 10 ሰው ብቻ የሚያስገቡበትም ምክንያት እዛ ነው ሚገባችሁ፣ ያ ቀይ ቀለም በኛ ትንፋሽና እርጥበት ይጎዳል፣ ድሮ ሰው እንደልቡ ሲገባበት ተጎድቶ ለዓመታት ዘግተው አየሩንና ሙቀቱን መቆጣጠሪያ ካስገቡ በኋላ ነው እንደገና የከፈቱት። አንድ ሰዓት ነው ሚሰጣችሁ፣ ስልክ የለም፣ ዝም ብሎ ማየት ነው።

የአክስቴ ልጅ በጥር ለራሷ ቲኬት ገዝታ ብቻዋን ገባች። ስትወጣ አራት ደቂቃ ምናምን ሚሆን ቮይስ ላከችልኝ፣ ፎቶ ስለሌላት ያየችውን በአፏ ስትነግረኝ፣ ድምፁ መሃል ላይ ይቆራረጣል፣ አውቶቡስ ያልፋል፣ እስካሁን አላጠፋሁትም።

አሁን ወደ ቅዱስ ዮሐንስ። ቫሌታ የተቆረቆረችው በ1566 ነው፣ ኦቶማኖች በ1565 ደሴቷን ከበው ሳይሳካላቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ያኔ ደሴቷን የያዙት የቅዱስ ዮሐንስ ባላባት ወታደሮች፣ ናይትስ ሚባሉት ናቸው የሠሯት፣ ስሟም የአለቃቸው የዣን ደ ላ ቫሌት ነው። የነሱ ዋና ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ከውጪ ሲያዩት ምሽግ ነው ሚመስለው፣ ደረቅ፣ ጌጥ የሌለው፣ ሰው አልፎት ቢሄድ አልፈርድበትም። ስትገቡ ግን ግድግዳው ወርቅ ነው፣ ጣሪያው ላይ ማቲያ ፕሬቲ የዮሐንስን ሕይወት ስሎበታል፣ ወለሉ ደሞ ወደ 400 ሚጠጋ መቃብር ነው፣ እያንዳንዱ በቀለም በቀለም እብነ በረድ የተለበጠ፣ የራስ ቅል፣ መላእክት፣ የጦር መሣሪያ ያለበት። በዛ ምክንያት ቀጭን ሂል ጫማ አይፈቀድም፣ ድንጋዩን ይበሳዋል። ትከሻ መሸፈን አለበት፣ እኔ ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው ምዞረው፣ እሱ ለሁሉም ቤተ ክርስቲያን በቃኝ፣ ማታ ሲነፍስም እሱን ነው ምደርበው። እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው።

ወለሉን አይታችሁ ስትጨርሱ ኦራቶሪዮ ወደሚባለው ክፍል ግቡ፣ የካራቫጆ «የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ» እዛ ነው ያለው፣ በ1608 የሣለው፣ ወርዱ ከአምስት ሜትር በላይ የሆነ ትልቅ ሥዕል። እኛ ዕንቁጣጣሽን ቅዱስ ዮሐንስ ብለን ምንጠራ ሕዝቦች ነን፣ መስከረም 2 አንገቱ የተቆረጠበት መታሰቢያ መሆኑን እናውቃለን፣ እና ታሪኩን ማንም አስረጂ ሳይነግራችሁ ነው ፊቱ ምትቆሙት። ግማሹ ሥዕል ባዶ ግድግዳ ነው፣ መስኮት ላይ ሁለት እስረኞች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ሰውዬው ገና ቢላዋውን ከኋላው እየሳበ ነው፣ ልጅቷ ሳህኑን ዘርግታ ትጠብቃለች፣ አጠገቧ ያለችው አሮጊት ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች። መሬት ላይ የፈሰሰውን ደም ተከትላችሁ እዩት፣ ሠዓሊው ስሙን የጻፈው በዛ ደም ነው፣ ፈርሞ የተወው ሥዕል እሱ ብቻ ነው። ካራቫጆ ሮም ላይ ሰው ገድሎ ሸሽቶ ነው ማልታ የመጣው፣ እዛ ናይት አደረጉት፣ ብዙም ሳይቆይ ታሰረ፣ አመለጠ፣ ማኅበሩም እዛው ክፍል ውስጥ፣ ራሱ የሣለው ሥዕል ባለበት ተሰብስቦ ስሙን ሰረዘው። ወንበር አለ፣ ተቀመጡ። ሰው እየገባ ፎቶ አንስቶ ይወጣል፣ እናንተ ቢያንስ አስር ደቂቃ ስጡት።

ስለ ቅዱስ ጳውሎስ ደሞ፦ የሐዋርያት ሥራ 27 እና 28ን ከመሄዳችሁ በፊት አንብቡ፣ መጽሐፋችን መላጥያ የሚላት እሷው ማልታ ናት። 276 ነፍስ የያዘች መርከብ ተሰብራ ሁሉም በሕይወት የወጡባት፣ እባብ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ምንም ያልሆነባት፣ ሦስት ወር የተቀመጡባት። የደሴቷ ሰው እስካሁን የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ በነሱ ፌብሯሪ 10፣ የመርከቡን መሰበር በዓል አድርጎ ያከብራል፣ ጉዟችሁ ያኔ ከዋለ ቫሌታ ላይ የጳውሎስ ሐውልት ሲዞር ታያላችሁ፣ የኛን ንግሥ ነው ሚያስታውሰው።

ጳውሎስን ምትከተሉ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ለራባትና ለምዲና ስጡ፣ ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። ምዲና የድሮዋ ዋና ከተማ ናት፣ ስሟ እኛ መዲና ምንለው ቃል ነው፣ አጥር ውስጥ ያለች ጸጥ ያለች ከተማ፣ መኪና እንደልብ አይገባባትም፣ እሷን ለማታ አቆዩት። ጠዋት ራባት የጳውሎስ ዋሻ አለ፣ ቆይቶበታል ብለው ሚያምኑበት፣ ከዛ በእግር ቅርብ ያሉት የቅዱስ ጳውሎስ ካታኮምቦች፣ ማለትም የምድር ውስጥ መቃብሮች። እዛ ብዙ ጉድጓድ ስላለ ሰው ሁሉንም ልይ ብሎ ይደክማል፣ እኔ ምለው ትልቁን ገብታችሁ ጠረጴዛውን ፈልጉ። ከአለቱ ራሱ የተቀረጸ ክብ ጠረጴዛ ነው፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን ጋደም ብሎ ለመብላት ሚሆን መደብ አለው፣ ፊት ለፊታችሁ ያለው ጠርዝ ጋ ደሞ ትንሽ ክፍት ተትቷል። ዘመዶቻቸውን ቀብረው እዛው መቃብሩ መሃል ተሰብስበው ለሟቹ መታሰቢያ ሚበሉበት ነበር። አስጎብኚው ለፈረንጆቹ ለማስረዳት ሲደክም እኔ በልቤ ተዝካር ነው አልኩ፣ አለቀ። ደረጃው ጠባብና ጨለም ያለ ነው፣ ጉልበት ሚያማችሁ ሰዎች ቀስ በሉ፣ ጫማችሁ ማያንሸራትት ይሁን።

ጦርነት ሚወድ ካለ ቅዱስ ኤልሞ ምሽግ ውስጥ ያለው የጦርነት ሙዚየም ይጠቅመዋል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ናዳውን ስለቻለች የእንግሊዝ ንጉሥ በ1942 ለደሴቷ በሙሉ የሸለመው ጆርጅ ክሮስ ሜዳሊያ እዛ ነው ያለው። እኔ አንድ ሰዓት በቃኝ። የላይኛው ባራካ መናፈሻ ላይ ቀን በ12:00፣ በኛ ስድስት ሰዓት፣ መድፍ ይተኮሳል፣ ነፃ ነው፣ ልጆች ይወዱታል።

አዳማ ሰው ነኝ ሙቀት አይበግረኝም ብላችሁ እንዳትታለሉ። የኛ ሙቀት ደረቅ ነው፣ ነፋስ አለው፣ ማታ ይለቃችኋል። እዛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ነው፣ ደሞ ከተማው ሁሉ የማር ቀለም ባለው የኖራ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ፀሐይዋ ከላይም ከግድግዳውም ነው ምትመጣባችሁ። ሁለተኛ ጊዜ በጥቅምት ሄጄ ሌላ አገር ነው የመሰለኝ። በሙቀቱ ወቅት ብቻ ምትችሉ ከሆነ ሜዳ ላይ ያሉትን ቤተ መቅደሶች በር እንደተከፈተ ጠዋት፣ ሙዚየምና ካታኮምብ ደሞ ቀትር ላይ አድርጓቸው፣ መሬት ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። አብዛኛው ቦታ ከመዝጊያው ግማሽ ሰዓት በፊት ማስገባት ያቆማል።

ሜዳ ላይ ካሉት ሃጃር ኢም እና ምናይድራ አንድ ላይ ናቸው፣ በእግር አምስት መቶ ሜትር ገደማ ተራርቀው ባሕሩን ቁልቁል እያዩ። ከላያቸው ትልቅ ነጭ ድንኳን ታያላችሁ፣ 2009 ላይ ነው የተተከለው፣ ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን ስለበላው። ፎቶ ያበላሻል ብለው ሚነጫነጩ አሉ፣ እኔ ግን እሰየው ነው ያልኩት፣ የላሊበላን መጠለያ ክርክር ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ይገባናል። ምናይድራ ላይ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ቀን፣ መስከረም 12 ገደማ እና መጋቢት 11 ገደማ፣ ስትወጣ ፀሐይዋ በደቡቡ ቤተ መቅደስ በር ቀጥ ብላ ትገባለች። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፍያ አድርጉ።

ስለ ክፍያ፦ ብዙዎቹን ቦታዎች ሚያስተዳድረው ሄሪቴጅ ማልታ ሚባል የመንግሥት ተቋም ነው፣ የጋራ ፓስ አለው፣ አራት አምስት ቦታ ምታዩ ከሆነ ያዋጣችኋል። ሃይፖጂየሙ እዛ ውስጥ የለም፣ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራልም ለብቻ ነው። ተማሪ ከሆናችሁ መታወቂያ ያዙ፣ ቅናሽ አለ። ፓሱን ስለያዛችሁ ብቻ ግን በቀን አምስት ቦታ አትሩጡ። በቀን ሁለት፣ ቢበዛ ሁለት ተኩል፣ እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ቀን ያየሁት ተደባልቆብኝ የቱ ድንጋይ ከየት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር፣ ሁለተኛ የሄድኩትም ለዚሁ ነው።

አውቶቡስ ሁሉም ቦታ ያደርሳል፣ አንዱ ቲኬት ለሁለት ሰዓት ይሠራል፣ መቀያየር ይቻላል፣ ግን ይዘገያል፣ በተለይ ጠዋትና ማታ ሞልቶ ያልፋችኋል፣ ስለዚ ሰዓት የተቆረጠለት ቲኬት ካላችሁ አንድ አውቶቡስ ቀድማችሁ ውጡ። መኪና በግራ ነው ሚነዱት፣ መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፣ እዚህ የለመደው አንገት ወደ ግራ ነው ሚዞረው።

ቋንቋ አያስቸግርም፣ እንግሊዝኛ ሁሉም ይናገራል፣ ግን ማልትኛውን አዳምጡት፣ የሴም ቋንቋ ነው፣ በላቲን ፊደል ነው ሚጽፉት እንጂ ዘመድ ነው። ደም ደም ነው፣ ራስ ራስ ነው፣ ልሳን ኢልሲየን፣ ሞት መውት ነው። ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ሐምሳ ሲሉ 5 ነው፣ ሰባ ሲሉ 7 ነው። ሃጃር ኢም ደርሼ ርቦኝ የገዛሁት ሳንዱች ሆብዝ ቢዝ ዜይት ይባላል፣ ስሙን ለራሴ ደጋግሜ ስለው ቆይቶ ገባኝ፣ ኅብስት በዘይት ነው! ዳቦው ላይ ቲማቲም ይፈተጋል፣ ዘይት ይፈስበታል፣ ወይራና ቅመማ ቅመም ይገባበታል፣ ብዙ ጊዜ ቱና ይጨምሩበታል፣ ጾም ላይ ላላችሁ ቱናውን አስቀሩት ብትሉ በቃ የጾም ምግብ ተገኘ። ፓስቲዚ ሚባለውን ተወዳጅ መክሰስ ግን ለፍስክ አቆዩት፣ አተር ያለበትም ቢሆን ሊጡ ላይ ቅቤ ወይ ስብ ይኖራል።

ጎዞን አንድ ቀን ስጧት፣ ሁለተኛዋ ደሴት ናት። ከቺርኬዋ ወደብ መኪና ምትጭነው ትልቋ ጀልባ 25 ደቂቃ ገደማ ነው ምትወስደው፣ ስትሄዱ ማንም አያስከፍላችሁም፣ ሚከፈለው ከጎዞ ስትመለሱ ነው። ሻራ ምትባል መንደር ውስጥ ጂጋንቲያ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3600 ገደማ የተሠራ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ከአምስት ሜትር በላይ ነው። የአገሬው ሰው ያንን ድንጋይ ያነሳችው ልጇን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ባቄላና ማር ብቻ ምትበላ ግዙፍ ሴት ናት ይል ነበር፣ ስሙም ከዛ ነው። ትልቁ ግድግዳ ስር ጠጋ ብላችሁ ቁሙ፣ በአንድ በኩል የድንጋዩ ወለል እንደ ማር እንጀራ ተቦርብሯል፣ ውስጡ ቀንድ አውጣ ተጠግቶ አይቻለሁ። ጂጋንቲያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1980 ነው፣ በዛው ዓመት ከኛ ጢያ፣ አክሱምና የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ተመዝግበዋል። አዋሽ ማለት እኮ ይሄ ወንጂና ሶደሬ ጋ ልጅ ሆነን ምንታጠብበት ወንዝ ነው፣ ሉሲም የተገኘችው ከሱው ታችኛው ሸለቆ ነው። እዛ የጎዞ አስጎብኚ ከየት ነሽ ሲለኝ ይሄንን ነው የነገርኩት፣ በማግስቱ ለሚያስጎበኛቸው ልነግራቸው ነው ብሎ ስሙን አጽፎኛል። ለጉዞ አዲስ አበባ ስትገቡ ግማሽ ቀን ካላችሁ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየምን እይት አድርጋችሁ ሂዱ፣ ሰው ሲጠይቃችሁ ምትሉት ይኑራችሁ።

ከጎዞ ስትመለሱ ቺርኬዋ ላይ ወደ ቫሌታ ሚሄደው አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ከጀልባው ቶሎ ወርዳችሁ ተሰለፉ፣ ካገኛችሁም በግራ በኩል መስኮት ያዙ። ሜሊሃን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ባሕሩ ገባ ያለበት ቦታ ይታያል፣ የቅዱስ ጳውሎስ ወሽመጥ እሱ ነው፣ መርከቧ የተሰበረችው እዛ አፉ ላይ ካለችው ትንሽ ደሴት ጋ ነው ብለው ነው ሚያምኑት። ማታ ላይ ከሆነ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ስለሆነች ጥሩ አድርጎ ይታያል።